ጋቢና ባና በጣሳ ሲፈተኑ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለት ሰው ከተገናኘ ወሬው ዞሮ ዞሮ ብርድ ላይ ይወድቃል። ከተማችን ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ቀን ፀሐይዋ ትለበልባለች። ማታ ደመና የሚባል ስለማይኖር ምድሩ የዋለበትን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቀውና ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉ ሰዎች ብርዱን ቢያውቁት ነው። ሥጋ በተወደደበት በዚህ ጊዜ ግን አጥንቱን ትተን ልብሱን እንነጋገር።

በልብስ ደግሞ መግባባት የለም። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ሦስት ጎራ አለ። አንደኛው ጋቢን የሚያህል የለም ይላል። ሁለተኛው ጎራ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመንዝ ተወላጅ የሆነ የሒሳብ መምህር። እሱ ከበግ ሱፍ ከሚሸመነው ከባና ውጪ ያለውን ሁሉ ልብስ ብሎ አይጠራም። ሦስተኛው የወጣቶቹ ነው። ከሰልባጅ በገዙት ወፍራም ጃኬት ውስጥ እጃቸውን ከተው ሁለቱንም ይስቁባቸዋል። እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ክርክሩ ሲሰለቸኝ «ለምን በቴርሞሜትር አንጨርሰውም?» አልኩ። ልጆቼም የሙቀት ምዕራፍ ላይ ስለነበሩ ሰበብ አገኘሁ።

ወደ ጣሳዎቹ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ላጥራ፤ ካልሆነ የሚመጣው ሁሉ ግራ ያጋባል። ጨርቅ የራሱ ሙቀት የለውም። ጋቢ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲነካ እንደ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ የኛ ነው። ቁጭ ያለ አዋቂ ሰው ወደ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል፤ እንደ ድሮው ባለ መቶ አምፖል ማለት ነው። የልብስ ሥራ ይህ ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ማዘግየት ነው። የሚያዘገየው ደግሞ በአብዛኛው ክሩ ራሱ አይደለም፤ በክሮቹ መሀል ታግቶ የተቀመጠው አየር ነው። የረጋ አየር ሙቀት በማሳለፍ ሰነፍ ነው። ጥጡም፣ ሱፉም፣ ፖሊስተሩም ጭረት በጭረት (ክሩ በሚፈተልበት በቀጭኑ ቃጫ ማለት ነው) ቢለኩ ከአየር የበለጠ ያሳልፋሉ። ውሃ ደግሞ ከረጋ አየር 25 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ዝናብ ላይ ስንደርስ እፈልጋታለሁ።

እንግዲህ ሙከራው እንዲህ ነበር። እኩል መጠን ያላቸው የዱቄት ወተት ጣሳዎች ሰበሰብን። ክዳናቸውን በስተን ቴርሞሜትር አስገባን። በየጣሳው ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ ጨመርን። እዚህ ከተማ ከከፍታው የተነሳ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ 100 ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ሁሉንም ከ80 አስጀመርን። አንዱን ጣሳ ራቁቱን ተውነው። ሌሎቹን አለበስናቸው፤ አንዱን ነጠላ፣ አንዱን ጋቢ፣ አንዱን ባና፣ አንዱን ያንን ለስላሳ ፀጉራም የፖሊስተር ብርድ ልብስ፣ አንዱን አንድ ተማሪ ከላዩ ላይ አውልቆ የሰጠንን ላባ የተሞላ ጃኬት። እያንዳንዱን አንድ ዙር ብቻ ነው የጠቀለልነው። ክፍሉ 15 ዲግሪ ነበር። መስኮት ዘግተን አንድ ሰዓት ጠበቅን።

ራቁቱ ጣሳ 48 ላይ ደረሰ። ነጠላ የለበሰው 52። እዚህ ላይ ከኋላ የተቀመጡት ሴት ልጆች ተያዩ፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ነጠላ ለብሶ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ጋቢው 60 ላይ፣ ፖሊስተሩ 61 ላይ፣ ባናው 63 ላይ ቆዩ። ጃኬቱ 70። የጃኬቱ ባለቤት የዓለም ዋንጫ የወሰደ ይመስል ክፍሉን ዞረው።

የመንዙ መምህር ውጤቱን ሲሰማ አልተቀበለም። «ጃኬቱ የአራት ጣት ውፍረት አለው፤ ባናዬ የአንድ ጣት እንኳን አይሞላም። ይሄ ውድድር ነው?» አለ። እውነቱን ነው። ጨርቆችን አወዳደርኩ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ያወዳደረው ውፍረታቸውን ነው። የልብስ ሙቀት የሚለኩ ባለሙያዎች ክሎ የሚባል መለኪያ አላቸው። በ1941 እ.ኤ.አ. ጋጅ፣ በርተንና ባዜት የሚባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች ናቸው ያወጡት። አንድ ክሎ ማለት በ21 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ነፋስ ሳይነካው ቁጭ ያለን ሰው የሚያመቸው ልብስ ነው፤ ኮት ከነሱሪው እንደ ለበሰ ሰው በሉት። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሲለካ የተገኘው ነገር፣ ተራ ልብስ ከምንም ይሠራ ከምን፣ በአንድ ኢንች ውፍረት አራት ክሎ ገደማ መስጠቱ ነው። ጥጥ ሆነ ሱፍ፣ ደረቅ እስከሆነና ነፋስ እስካልነካው ድረስ፣ ልዩነቱ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ውፍረት ይገዛል።

ይህን ለማሳየት የተሻለ መንገድ አገኘን። ያንኑ ጃኬት ወስደን ጣሳው ላይ በሲባጎ ጠፍረን አሰርነው። ያው ጃኬት ነው፣ ያው ላባ ነው፣ ክብደቱም አልተለወጠም። የወጣው አየሩ ብቻ ነው። ከ70 ወደ 63 ወረደ፤ ከባናው ጋር እኩል ሆነ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ የሒሳብ መምህሩ ሻይ ጋበዘን።

ከዚህች ሲባጎ የሚገኘው ትምህርት በየቤቱ ይሠራል። ጠባብ ጃኬት ሥር ሦስት ሹራብ የሚደርቡ ሰዎች አሉ፤ ሹራቦቹ ተጨፍልቀው አየራቸውን ያጣሉ። ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ ማድረግም ያው ነው፤ ካልሲው ይጨፈለቃል፣ እግሩም ደም እንደ ልብ አያገኝም፣ ከዚያ «ሁለት አድርጌም በረደኝ» ይባላል። ላባ ጃኬት ያለው ሰው ሌሊት ከብርድ ልብሱ ሥር ቢደርበው ከባዱ ብርድ ልብስ ይጫነዋል። ከላይ ቢጥለው ይሻላል።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ቤንጃሚን ቶምፕሰን የሚባል፣ በኋላ ካውንት ራምፎርድ የተባለ ሰው ነበር። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ተወልዶ ጀርመን አገር ለባቫሪያ ገዢ ያገለገለ፣ ወታደር ምን ለብሶ ምን በልቶ ይደር በሚለው ነገር የተጠመደ ሰው ነው። ቴርሞሜትሩን ከብርጭቆ ኳስ መሀል ያቆመዋል፣ በዙሪያው ያለውን ክፍት ቦታ በሚፈትነው ነገር ይሞላዋል፣ በፈላ ውሃ ያሞቀዋል፣ ከዚያ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ከትቶ እስኪቀዘቅዝ ሰከንድ ይቆጥራል። ዋናው ብልሃቱ ሁሉንም በእኩል ክብደት መመዘኑ ነው። የእኛን የሒሳብ መምህር ጥያቄ ቀድሞ መልሶታል ማለት ነው። ውጤቱን በ1792 እ.ኤ.አ. አወጣው። የጥንቸል ጠጉርና የዳክዬ ለስላሳ ላባ ከላይ ሆኑ፤ ሱፍ ከነሱ በታች፤ ጥጥ ከሱፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ።

እኔን የገረመኝ ግን ሐሩ ነው። ያልተፈተለው ጥሬ ሐር ከሱፍ በልጦ ከላይኞቹ ተርታ ገባ። ያው ሐር ተፈትሎ፣ ጠንክሮ የተከረረ የስፌት ክር ሲሆንና ተቆራርጦ ሲሞላ ከጥጡም ወደ ታች ወረደ። ክሩ ያው፣ ክብደቱ ያው። የተለወጠው አከራረሩ ብቻ ነው። ጠብቆ የተፈተለ ክር አየር የሚያግትበት ቦታ የለውም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ጋቢዬን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አየሁት። እስቲ እናንተም እዩት። ድሩ ቀጭን፣ እኩል፣ ጠበቅ ያለ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ከፋብሪካ የሚመጣ ክር ነው። ማጉ ሌላ ነገር ነው። የእጅ ፈትል ከሆነ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይቀጥናል፣ ዙሪያውን ብናኝ የመሰለ ጭገር አለው። በፀሐይ ላይ አግድም ሲታይ ጭገሩ ያበራል። ሙቀቱ ያለው እዚያ ነው። ፈታይዋ ጥጡን በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ፣ እንዝርቷን ላላ አድርጋ ስትሾር አየሩን አብራ ትፈትለዋለች። ድሩ ጥንካሬውን ይሰጣል፣ ማጉ ሙቀቱን። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው። በድርቦቹ መሀል ሌላ አየር አለ፤ ሲለበስም ትከሻ ላይ ሲጣጠፍ ስምንት ይሆናል። ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር የሆነ ጋቢ አለ። ጥለቱ ያምራል፣ ሲታጠብ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋው ይቀንሳል። በእጅ ሲይዙት ግን ቀጭን ነው፤ ለሠርግ እንጂ ለታኅሣሥ አይሆንም። ገበያ ላይ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ጋቢውን አጣጥፌ በመዳፌ እጫነዋለሁ፣ ከዚያ እለቀዋለሁ። ተመልሶ ከተነሳ እጠይቃለሁ፣ ተኝቶ ከቀረ አልፋለሁ።

የጥጥ ችግር እዚሁ ጋ ነው። ተጭኖ ተጭኖ በመጨረሻ ይተኛል። ያረጀ ጋቢ ክብደቱ ያው ሆኖ ለምን አይሞቅም ብላችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ማጉ ሰምጦ፣ አየሩ ወጥቶ ነው። እናቶቻችን ጋቢና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት በከንቱ አይደለም። ጥጥ ከአካባቢው አየር እርጥበት ይጠጣል፤ በተለመደ ሁኔታ ከክብደቱ ሰባት ስምንት በመቶው ውሃ ነው፤ በእርጥብ ቀን ከዚያም ይበልጣል። ፀሐይዋ እርጥበቱን አውጥታ ጭገሩን መልሳ ታነሳዋለች። በተሰጣ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚገኘው ያ ደስ የሚል ስሜት ሽታው ብቻ አይምሰላችሁ።

አሁን ወደ ባና። ጎረቤታችን የሆኑ እናት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ነው የመጡት፤ እማማ ነው የምንላቸው። ዛሬም ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ። የመንዝ በግ ከብዙዎቹ የአገራችን በጎች ለየት ይላል፤ ሱፍ አለው። ጠጉሩ ረዘም፣ ሻከር ያለ ነው፤ ለስላሳ ሱፉ ከሥሩ ነው። እማማ አንዲት ጭብጥ ሱፍ አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝና «ጨብጠው» አሉኝ። ጨበጥኩት። «ልቀቀው» አሉኝ። ስለቀው እንደ ነበረ ሆነ። ከዚያ ከጥጥ ባዘቶ ቆርሰው እንደገና ጨብጥ አሉኝ። ጥጡ የጣቶቼን ምልክት ይዞ ቀረ። «አየህ ልጄ፣ በግ ተኝቶበት ያድራል፤ ጥጥ ማን ተኝቶበት ያውቃል?» አሉ። የቁስ ምሕንድስና ፈተና ላይ ይህን መልስ የሚጽፍ ተማሪ ቢኖር ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። የሱፍ ጭረት በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ነው። ጥምዝምዙ እርስ በርስ ስለሚገፋፋ ክሩ እንዳይተኛ ያደርገዋል፤ የታገተው አየር ዓመታት ይቆያል።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ በጋቢና በባና መካከል ያየነው የሦስት ዲግሪ ልዩነት ብዙ አያስፎክርም። የሚያስፎክረው ደጅ ሲወጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣሳዎቹን ከነልብሳቸው በረንዳ ላይ አወጣናቸው። ራቁቱ ጣሳ 32 ላይ ወረደ። ጋቢው፣ ክፍል ውስጥ 60 የነበረው፣ 47 ሆነ። ለስላሳው ፖሊስተር ከሱም ባሰ፤ 45። ባናው 55 ላይ ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የባና ሽመና የታጨቀ ነው፤ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ አይተውም። ጋቢው ደግሞ ላላ ያለ ስለሆነ ነፋሱ ገብቶ የሞቀውን አየር ይጠርገዋል። አንዱ ተማሪ ታዲያ ጋቢው ላይ ፌስታል አጠለቀበት። ጋቢው 55 ገባ፤ ባናን አከለ። ፌስታል ለብቻው ምን ያህል ይሞቃል ብትሉ ምንም። ሥራው አየሩ ባለበት እንዲቆይ በር መዝጋት ነው።

እኔ ከዚያ በኋላ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጋቢውን ከውስጥ፣ ስስ የዝናብ ካፖርቱን ከላይ ማድረግ ጀመርኩ። መልኬ እንደማያምር ተነግሮኛል። በባጃጅ ስሄድ ግን ልዩነቱን ትከሻዬ ያውቀዋል።

የዝናቡ ነገር የከፋ ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር እዚህ ትመጣለች። ጨርቅ ሲርስ አየሩ ይወጣና ቦታውን ውሃ ይይዘዋል፤ በ25 እጥፍ የሚያሳልፈው ውሃ። በዚያ ላይ ውሃው ሲተን ሙቀት ከሰውነት እየቀዳ ነው የሚሄደው። ጋቢውን አርሰን፣ ጨምቀን፣ ጣሳውን አለበስነው። ራቁቱ ጣሳ 48 ላይ ሲሆን ጋቢ የለበሰው 40 አልሞላም። ከምንም ባሰ ማለት ነው! ልጆቹ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብለው ሌላ አመጡ፤ ያው ነው። የራሰ ጋቢ ለብሶ ከመሮጥ አውልቆ መሮጥ ይሻላል የሚለውን ግን ለመሞከር የፈቀደ አልተገኘም።

ሱፍስ? «ሱፍ ርሶም ይሞቃል» የሚሉ አሉ። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ የራሰው ባናም ወርዷል። ነገር ግን ከጋቢው ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ሱፍ ከክብደቱ ሢሶ የሚጠጋ እርጥበት ጭረቱ ውስጥ ይውጥና ገና በእጅ ሲነካ ደረቅ ይመስላል። እርጥበቱን ሲውጥም ጥቂት ሙቀት ያወጣል። ከዚያ በላይ ቢርስም ጭረቱ ስለማይተኛ የተወሰነ አየር ይተርፈዋል። ካፊያ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ባና ተከናንቦ ሲቆም ከላይ የወረደው ጠብታ ጠጉሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ነቅነቅ ሲያደርገው ይረግፋል። ዶፍ ከሆነ ግን ባናም እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ለመድረቅ ደግሞ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ፖሊስተር በዚህ በኩል ብልጥ ነው። ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እንኳን አይሞላም። ጨምቀህ ብታራግፈው ግማሽ መንገድ ደርቋል። ዋጋውም ደህና ነው። እኔ ለልጆች ይህንን አልጠላም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ምድጃ አጠገብ አይሁን። ሱፍ እሳት ሲነካው ይኮማተራል፣ ይሸታል፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከሰል በሚነድበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥጥም ቢሆን ነበልባል ቶሎ ይይዛልና የጋቢን ጫፍ ሰብሰብ ነው።

ላባ ጃኬት ደረቅ ሆኖ ሁሉንም አሸነፈ፤ ሲርስ ግን የሁሉም መጨረሻ ነው። ላባው ተሰብስቦ እንደ ገንፎ ጓል ይሆናል። ከሰልባጅ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ስፌቱ ላይ የላባ እሾህ ብቅ ብሎ ከሆነ ላባ ነው፤ ካልሆነ ብዙ ጊዜ የፖሊስተር ሙሌት ነው፤ እሱም አይናቅም። ጨብጣችሁ ስትለቁት ይነሳ። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሱት፤ ላባው ወደ ታች ወርዶ ከላይ ባዶ ጨርቅ ብቻ የቀረበት ክፍል ካለ ሻጩን ተሰናብቱት፤ ብርዱ የሚገባው በዚያች ክፍል ነው።

ስለሚያብለጨልጨው ልብስም ልጆቹ ጠይቀውኛል። አትሌቶቻችን ማራቶን ሲጨርሱ ትከሻቸው ላይ የሚጣለው ያ ብርማ ነገር። በ1964 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ያሠራው ነው። ስስ ፕላስቲክ ላይ አሉሚኒየም በተን መልክ ተቀብቶ ነው የሚሠራው። አየር አያግትም። ሥራው ሌላ ነው፤ ከሰውነት በጨረር የሚወጣውን ሙቀት ይመልሳል፣ ነፋስ ይከለክላል፣ ላብ ያለበት ሰው ላይ ትነቱን ይገታል። ለሮጠ ሰው ለግማሽ ሰዓት ግሩም ነው። እሱን ተከናንቦ መሬት ላይ ማደር ግን አይሆንም፤ መሬቱን የነካው ክፍል ሙቀቱን በንክኪ ያሳልፋል።

መሬት ካልን አይቀር፣ ሰው የሚረሳው ከሥር የሚመጣውን ብርድ ነው። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ከሥሩ ያረጀ ስስ ፍራሽ የሚያነጥፍ ሰው ብዙ ነው። ከሥር ያለው ነገር ሁሉ በክብደታችን ይጨፈለቃል። ጋቢ ከሥር ብታነጥፉት ጎናችሁ ባረፈበት ቦታ ሲባጎ እንዳሰረው ጃኬት ይሆናል። እዚህ ላይ ከጥንት ጀምሮ መልሱን የያዘው አጎዛ ነው። የበግ ጠጉር ከቆዳው ላይ ቀጥ ብሎ ስለቆመ፣ የተጠማዘዘም ስለሆነ፣ ሰው ተኝቶበትም አየሩን አይለቅም። ከሥሩ ያለው ቆዳ ደግሞ የወለሉን ነፋስ ያግዳል። አያቴ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ አንድ ጋቢ ለብሰው፣ ያለ ፍራሽ ሰማንያውን አልፈዋል። ዛሬ አጎዛ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ላይ የሚነጠፍ ጌጥ ሆኗል። እኔ ግን አንዱን ከሳሎን አንስቼ አልጋ ላይ፣ ከወገብ በታች በሚውለው ቦታ አድርጌዋለሁ። ከላይ ሌላ ብርድ ልብስ ከመጨመር ይህ በለጠብኝ።

የማረፊያ ክፍሉ ክርክር አላበቃም። የጋቢ ወገኖች የክፍሉን ቁጥር ይዘው ይሄዳሉ፤ «60 እና 63 ምን ልዩነት አለው?» ይላሉ። የሒሳብ መምህሩ የበረንዳውን ቁጥር በስልኩ ይዞ ይዞራል። ወጣቶቹ 70ን ብቻ ያስታውሳሉ፤ ሲባጎው የተረሳቸው ይመስላል። ሁሉም ልክ ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚኖርበት ብርድ የተለያየ ነው። ጋቢ የቤትና የቅዳሴ ልብስ ነው፤ ነፋስ በሌለበት፣ በደረቅ ቦታ፣ እንደ ፈለጉ አጣጥፈው የሚከናነቡት። ሰውነት ላይ ሲያርፍም እንደሱ የሚመች የለም። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ በግ ለሚጠብቅ ሰው ግን ጋቢ ስጡት ብዬ አልመክርም።

የእኔ አልጋ ምን ይመስላል ብትሉ፣ በዚህ ታኅሣሥ እንዲህ ነው። ከሥር አጎዛ፣ በላዩ አንሶላ፣ ከዚያ እኛ፣ ከዚያ ለሁለት የታጠፈ ጋቢ፣ ከላይ ባና። መስኮቱ በደንብ ስለማይገጥም ባናው ከላይ መሆን አለበት። ባና ግን ይኮሰኩሳል፤ ሌሊት ጋቢው ሲንሸራተት አንገት ላይ ይመጣል። ባለቤቴ በባናው ጠርዝ ሥር ነጠላ ካልተሰፋ አልተኛም አለች። ነጠላ ለሙቀቱ የሚጨምረው ትንሽ እንደሆነ የጣሳውን ቁጥር ጠቅሼ አስረዳኋት። ተሰፍቷል።